የሐይቅ መጽሐፍና የአቶም አመድ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር የሚጠብቀው ነገር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው እንዳይጠፋ የሚጠበቅ ነው፤ መጽሐፍ፣ ንዋየ ቅድሳት፣ ርስት፣ ዘር ከዚህ ወገን ይቈጠራሉ። ሁለተኛው እንዳያጠፋ የሚጠበቅ ነው፤ ይህም እንደ እሳት፣ እንደ መርዝ፣ እንደ ታሰረ አውሬ ያለው ነው። በቀድሞ ዘመን የሁለተኛው ጥበቃ አጭር ነበረ፤ እሳቱ ሲከስም፣ አውሬው ሲሞት ዘበኛው ወደ ቤቱ ይገባ ነበረ። ሺሕ ዓመት ይጠበቅ የነበረው ሰው የሚወደው ነገር ብቻ ነው። ካለፈው መቶ ዓመት እኩሌታ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ የሰው እጅ ከብራና መጽሐፍ ሁሉ ይልቅ ረዥም ዘመን ጥበቃ የሚያሻው መርዝ ሠራ። ይኸውም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የኑክሌር ምድጃ ከነደደ በኋላ የሚተርፈው አመድ ነው።

ይህ አመድ ወዴት ይቀመጥ? ማን ይጠብቀው? ጠባቂውስ ሲሞት ለማን ያስረክበው? እነዚህን ጥያቄዎች የአውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንት ሰባ ዓመት ያህል ሲመራመሩባቸው ኖረዋል። ብዙዎቹ ነገሩን የድንጋይና የብረት ጥያቄ አድርገው ጀመሩት፤ ቈይተው ግን የሰው ጥያቄ ሆኖ አገኙት። ስለ ሰው ጥበቃ ከሆነ ደግሞ በደቡብ ወሎ ያሉት ሐይቅና አምባሰል የሚመሰክሩት ረዥም ታሪክ አላቸው። በዚህ ጽሕፈት የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ይረዳ።

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው በ1248 ወደዚህ ስፍራ መጡ፤ በዘመናቸውም ገዳሙ ታላቅ የትምህርት ቤት ሆነ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ከተማሩት አንዱ ናቸው። ዐፄ ይኵኖ አምላክ በ1270 ከነገሡ በኋላ የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚባለውን ማዕርግ ያዘ፤ ይህም በቤተ መንግሥቱ ከታላላቆቹ ማዕርጎች አንዱ ሆኖ ኖረ። ትርጓሜው ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ባለማዕርጉ ወርቅ ጠባቂ ወይም በር ጠባቂ ሳይባል ሰዓት ጠባቂ መባሉ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ወርቅን በሣጥን ቈልፎ መተኛት ይቻላል፤ ሰዓትን የሚጠብቅ ግን በየሌሊቱ መነሣት አለበት።

አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ ካበረከቷቸው መጻሕፍት መካከል በ1280 ግድም የተጻፈው አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ድረስ በዚያው በሐይቅ ተጠብቆ ኖሯል። የተጻፈበት ዘመን ተለይቶ ከሚታወቅ የኢትዮጵያ ብራና ሁሉ በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ ነው። በኢትዮጵያ አድባራት ልማድ ወንጌል ለንባብ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ መዝገብም ነው። የርስቱ ወሰን፣ የስጦታው ዓይነት፣ የመጻሕፍቱ ቍጥር፣ የሰጪው ስም በባዶው ገጽ ላይ ይጻፋል፤ የሚሰርቀውና የሚፍቀውም በውግዘት ይከለከላል። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣ መነኵሴ ገልጦ ሲያይ ምን እንደ ተረከበ፣ ከማን እንደ ተረከበ ያውቃል።

ገዳሙ በሰላም ብቻ የኖረ አይምሰል። በ1530ዎቹ መጀመሪያ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ታንኳ አሠርቶ ወደ ደሴቱ ተሻገረ፤ የገዳሙንም ሀብት ወሰደ። ይህን የጻፈው የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ራሱ ነው። ውሃው የመከተው ታንኳ እስኪሠራ ድረስ ብቻ ነበረ። ወርቁ ሄደ፤ ብራናው ግን ቀረ።

ከሐይቅ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በአምባሰል ተራሮች መካከል፣ ግሼን አለች። ተፈጥሮ በመስቀል አምሳል የሠራችው አምባ ነው፤ ዙሪያው ገደል፣ መግቢያው ጠባብ ነው። በዚህ አምባ ላይ ሁለት ዓይነት ጥበቃ ተደርጓል። የመጀመሪያው የነገሥታቱን ወንዶች ልጆች ማኖር ነው። መንግሥት እንዳይናወጥ፣ ወንድም በወንድሙ ላይ እንዳይነሣ ተብሎ መሳፍንቱ በአምባው ላይ በዘበኛ ይጠበቁ ነበረ። በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ አምባ ጽፎ ወሬውን ለአውሮፓ አደረሰ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ1434 ለመንገሥ የወረዱት ከዚሁ አምባ ነው። ግሼን የኢማም አሕመድን ሠራዊት በ1530ዎቹ መጀመሪያ መልሳ ነበረ፤ በ1540 ግድም ግን ተያዘች። ገደሉ አልተናደም፤ በሩም አልሰፋም። የተለወጠው በገደሉ ላይና በገደሉ ሥር የነበረው የሰው ኀይል ነው።

ሁለተኛው ጥበቃ የግማደ መስቀሉ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግሼን መጥቶ በጥልቅ እንደ ተቀበረ፣ ሣጥን በሣጥን ውስጥ ሆኖ እንደ ተቀመጠ ትውፊቱ ይናገራል። አይታይም፤ ተቈፍሮም አይወጣም። ነገር ግን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ገደሉን ወጥቶ ያከብረዋል። ያልታየውን ነገር ያለበትን ስፍራ እንዳይረሳ ያደረገው ይህ የየዓመቱ ጕዞ ነው።

ወደ አመዱ እንመለስ ዘንድ አስቀድሞ ምንነቱን መግለጥ ይገባል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሄንሪ ቤከሬል በ1896 ዩራኒየም የተባለው ማዕድን በዓይን የማይታይ ጨረራ እንደሚሰድ አገኘ። ማሪ ኩሪም ከባለቤቷ ጋር ሆና ራዲየምን ለየች። ኩሪ በ1934 ሞተች፤ የሥራዋ ደብተሮች ግን በፓሪስ በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ተቀምጠዋል፤ ገጾቹ እስከ ዛሬ ጨረራ ይሰዳሉና። የሐይቁን ወንጌልና የኩሪን ደብተር ጎን ለጎን አስቦ ማየት ይጠቅማል። አንዱን መጽሐፍ ከሰው እጅ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከሌላው መጽሐፍ ደግሞ የሰውን እጅ መጠበቅ ያስፈልጋል። በደብተሮቹ ላይ የቀረው የራዲየም ብናኝ እኩሌታው እስኪጠፋ ብቻ 1,600 ዓመት ይፈጃል።

በ1942 ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ በሺካጎ ከተማ የመጀመሪያውን የአቶም ምድጃ አቀጣጠሉ። በ1954 ደግሞ በሩስያ አገር በኦብኒንስክ ከእንዲህ ያለ ምድጃ የተገኘ ኤሌክትሪክ ወደ ከተማ መስመር ገባ። ዩራኒየሙ በምድጃው ውስጥ ሲሰነጠቅ ሙቀት ይሰጣል፤ ሙቀቱ ውሃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ መዘውሩን ያዞራል። ጢስ የለውም። ለአንድ ትልቅ ከተማ የሚበቃ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ምድጃ በዓመት የሚተወው ያገለገለ ነዳጅ ከ20 እስከ 30 ቶን ቢሆን ነው። የከሰል ድንጋይ የሚያነድድ ምድጃ ከሚተወው ተራራ ጋር ሲነጻጸር ይህ እፍኝ ነው፤ የአቶም ወዳጆችም ይህን ሲናገሩ እውነት አላቸው። ሆኖም ያ እፍኝ አዲስ ከምድጃው ሲወጣ ያለ መጋረጃ አጠገቡ የቆመ ሰው በጥቂት ደቂቃ ለሞት የሚያበቃ ጨረራ ይቀበላል። ከ1954 ወዲህ በዓለም ሁሉ ከምድጃ የወጣው 400,000 ቶን ያህል ነው።

በዚህ አመድ ውስጥ ያለው መርዝ ሁሉ አንድ ዕድሜ የለውም። እኩሌታው የሚጠፋበትን ዘመን ሊቃውንቱ ግማሽ ዕድሜ ይሉታል። ሴዚየም የሚባለው 30 ዓመት ግድም ነው፤ በ300 ዓመት ከሺሕ አንድ እጅ ብቻ ይቀራል። ፕሉቶኒየም የሚባለው ግን 24,000 ዓመት ያልፈዋል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ወደ ሐይቅ በመጡበት ዓመት ሴዚየም በደሴቱ ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚፈራ ነገር ባልቀረ ነበረ። ፕሉቶኒየም ተቀብሮ ቢሆን ግን፣ ከዚያ ወዲህ ነገሥታት ሁሉ ነግሠው ካለፉ በኋላ፣ ከመቶው እጅ የጠፋው ሁለቱ ብቻ፣ የቀረው 98 ያህል ይሆን ነበረ። የሰው መንግሥት ይህን የሚያህል ዘመን ኖሮ አያውቅም፤ ጽሕፈት እንኳ ከተጀመረ ገና አምስት ሺሕ ዓመት ቢሆነው ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶቹ እንዴት ያዙት ቢባል፣ መልሱ የሚያሳፍር ነው። ከ1946 ጀምሮ ብዙ መንግሥታት በበርሜል እያደረጉ ወደ ባሕር ጣሉት፤ ይህም ፈጽሞ የተከለከለው በ1993 ነው። በአሜሪካ በሃንፎርድ ለቦምብ የተሠራው ፕሉቶኒየም የተወው ዝቃጭ ከ200 ሚሊዮን ሊትር በላይ ሆኖ በ177 የመሬት ውስጥ ጋን ተሞላ፤ ከጋኖቹም ስድሳ የሚያልፉት እንዳፈሰሱ ተገምቷል። በኡራል ተራሮች አጠገብ በማያክ መስከረም 29 ቀን 1957 የአንዱ ጋን ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ጋኑ ፈነዳ፤ ከዐሥር ሺሕ የማያንስ ሰው ከአገሩ ተነቀለ። ሰዎቹ ለምን እንደሚነቀሉ አልተነገራቸውም። ከአገሩ የተሰደደው ሊቅ ዦሬስ ሜድቬዴቭ በ1976 ገለጠው፤ መንግሥቱ ራሱ ያመነው በ1989 ነው። እነዚህ ሁለቱ የጦር መሣሪያ ዝቃጮች ናቸው እንጂ የኤሌክትሪክ አይደሉም የሚል ይኖራል፤ ልዩነቱ እውነት ነው፤ መርዙ ግን አንድ ነው።

የጀርመኖቹ ታሪክ ከዚህ ይልቅ ያስተምራል፤ እነርሱ በችኮላ ሳይሆን አስበው ሠርተዋልና። በ1957 የአሜሪካ ሊቃውንት ማኅበር የሚሻለው መቃብር የጨው ዋሻ ነው ብሎ መክሮ ነበረ። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ውሃ ቢያገኘው ኖሮ ጨው ባልቈየ ነበረ፤ ጨው ካለ ደረቅ ነው ማለት ነው። አሞሌ ሲነገድበት በኖረ አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ የአሞሌ ነጋዴ ከዝናብ የሚበልጥ ጠላት አልነበረውም። በዚህ ምክር መሠረት ጀርመኖች ከ1967 እስከ 1978 ድረስ አሰ በሚባል አሮጌ የጨው ጕድጓድ ውስጥ 126,000 ያህል በርሜል አስገቡ። ይሁን እንጂ ስፍራው ለዘመናት ጨው ሲወጣበት የኖረ፣ ሆዱ የተቦረቦረ ነበረ። ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ከ1988 ጀምሮ ውሃ ሲሰርግበት ታየ። በ2013 በርሜሎቹ ሁሉ ተመልሰው እንዲወጡ ሕግ ተደነገገ። ማስገባቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ፈጀ፤ ማውጣቱ ብዙ ዐሥር ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው።

በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ደግሞ በ1999 ሌላ የጨው መቃብር ተከፈተ፤ ይህኛው ዐሥር ሺሕ ዓመት እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት እንደ ኖረ፣ በየካቲት 2014፣ አንድ በርሜል በውስጡ ሞቆ ተቀደደ። ምክንያቱ ሲመረመር በበርሜሉ ውስጥ እርጥበት እንዲመጥ የሚጨመረው ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ይህ ዱቄት ድመት ለምትጸዳዳበት የሚሸጠው ዓይነት ነው፤ ከሸክላ አፈር የተሠራው ሊጨመር ሲገባ ከስንዴ የተሠራው ተጨመረ። ስፍራው ሦስት ዓመት ያህል ተዘጋ። ቍም ጸሐፊዎች አንድ ፊደል መሳት ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ፤ ስለዚህ የተገለበጠው መጽሐፍ እንደ ገና ይታረማል።

መርሳት ግን ሺሕ ዓመት የሚጠብቅ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ይበቃዋል። በብራዚል በጎያኒያ ከተማ አንድ የጨረር ሕክምና ቤት በ1985 ስፍራውን ለቅቆ ሲሄድ የሕክምናውን መኪና እዚያው ተወው። በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች ወደ ፈረሰው ቤት ገብተው የመኪናውን ራስ ነቅለው ወሰዱ፤ አዲስ አበባ ላይ ቁራሌው ለሚባለው ዓይነት የብረት ነጋዴም ሸጡት። ነጋዴው በሌሊት ሰማያዊ ብርሃን ሲወጣው አየ። ደነቀው፤ ወደ ቤቱ አስገባው፤ ለዘመዶቹና ለጎረቤቶቹም ከፈለላቸው። አንዳንዱ ሰውነቱን ተቀባው። በዕቃው ውስጥ የነበረው ሴዚየም ከመቶ ግራም የሚያንስ ነበረ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸውም የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ 249 ሰዎች መርዙ እንደ ነካቸው ታወቀ፤ ከመቶ ሺሕ በላይ ሕዝብም በስታዲየም ተሰልፎ ተመረመረ። ያ ነጋዴ ክፉ ሰው አልነበረም። ያየውን ውብ ነገር ለሚወዳቸው ሰጠ። በመኪናውም ላይ ጽሕፈት አልጠፋም፤ የጠፋው፣ ጽሕፈቱ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅና በዚያ ስፍራ የሚቆም ሰው ነው።

ከዚህ የተነሣ የምልክቱ ጥያቄ ራሱን የቻለ ጥናት ሆነ። በ1981 የአሜሪካ መንግሥት በዐሥር ሺሕ ዓመት ውስጥ የሚመጣ ሰው መቃብሩን እንዳይቈፍር በምን ምልክት ይነገረው ብሎ ሊቃውንትን ሰበሰበ። የእሾህ አምሳል ያለው ድንጋይ ይተከል ያለ አለ፤ በ1984 የጻፉ ሁለት ሰዎችም ጨረራ ሲነካት ቀለሟ የሚለወጥ ድመት ትራባ እስከ ማለት ደረሱ። ቶማስ ሴቢዮክ የተባለው የቋንቋ ሊቅ ግን በዚያው ዓመት ሌላ ሐሳብ አቀረበ፤ ይኸውም ምሥጢሩን እያወቀ የሚያስተላልፍ የአቶም ካህናት ማኅበር ይቋቋም፤ ሕዝቡም በተረትና በሥርዐት እየፈራ ከስፍራው ይራቅ የሚል ነው።

የሴቢዮክ ሐሳብ እኩሌታው ትክክል ነው። ድንጋይ ብቻውን እንደማይናገር ኢትዮጵያ ምስክር ናት። በሶዶ ጉራጌ በጢያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ብዙዎቹ የሰይፍና የሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ከሥራቸው መቃብር እንዳለ በቍፋሮ ታውቋል። ዘመናቸውም ከሐይቁ ወንጌል ዘመን ብዙ የሚርቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የምልክቶቹን ትርጓሜ የሚናገር የለም። ድንጋዩ ከብራና ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ትርጓሜው ግን ከብራናው ትርጓሜ ቀድሞ ሞተ። የአክሱም ሐውልቶችም የመቃብር ምልክቶች ነበሩ፤ ከሥራቸው ያሉት መቃብሮች ብዙዎቹ ከጥንት ጀምሮ ተዘርፈዋል። ሐውልቱ ታላቅ ሰው በዚህ ተቀብሯል ብሎ ተናገረ፤ አትንካ የሚለውን ግን ሊናገር አልቻለም፤ እንዲያውም ሌባውን ጠራው።

የሐይቁ ወንጌል ፊደል ግን ዛሬም በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠረ ሕፃን የሚያነበው ነው። ማንበብና መረዳት አንድ እንዳልሆነ ደግሞ የአብነት ትምህርት ቤት ከሁሉ ይልቅ ያውቃል፤ ንባብ ቤትና ትርጓሜ ቤት የተለያዩት ስለዚህ ነው። ንባቡን በአንድ ዓመት የያዘ ተማሪ ትርጓሜውን ለመያዝ ብዙ ዘመን ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ቃሉንም ከአፍ ወደ ጆሮ ይቀበላል። ለሰባት መቶ ዓመት ብራናውን መጽሐፍ አድርጎ ያኖረው፣ በጢያም የጐደለው ይህ ነው።

ሴቢዮክ የተሳሳተው በሁለተኛው እኩሌታ ነው። ሕዝቡ እውነቱን ሳያውቅ በተረት ይፍራ ማለት ጥበቃን የማያውቅ ሰው ምክር ነው። ግሼንን ሕዝብ ያልረሳት ስለ ፈራት ሳይሆን በምን ምክንያት እንደሚወጣባት ስለሚያውቅና ስለሚወድዳት ነው። ማያክን ደግሞ ምሥጢር የሚያውቁ ጥቂቶች፣ ምንም የማያውቅ ብዙ ሕዝብ ጠብቀዋት ነበረ፤ ፍሬውም ታይቷል። እውነቱ ያልተነገረው ፍርሃት አንድ ትውልድ ሲያልፍ ጉጉት ይሆናል፤ ጉጉትም መቈፈሪያ ይዞ ይመጣል።

ፊንላንዶች ሌላ መንገድ መረጡ፤ በእርግጥም እስከ ዛሬ ከተሠራው ሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። መንግሥታቸው በ1983 የአመዱን ዕቅድ በጊዜ ወስኖ አወጣ። የኤውራዮኪ ወረዳ ሕዝብ በምክር ቤቱ ተስማማ፤ ፓርላማው በ2001 አጸደቀ፤ ቍፋሮው በ2004 ተጀመረ። ኦንካሎ ይባላል። ያገለገለው ነዳጅ በብረት ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ብረቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው መዳብ ይለበጣል፤ መዳቡ ውሃ ሲያገኘው በሚያብጥ ሸክላ አፈር ይከበባል፤ ሸክላው ከምድር በታች 430 ሜትር ያህል ጠልቆ፣ ሁለት ሺሕ ሚሊዮን ዓመት ግድም ዕድሜ ባለው ዐለት ውስጥ ይቀመጣል። የግሼንን ትውፊት የሚያውቅ አንባቢ ሣጥን በሣጥን ውስጥ መሆኑን እዚህም ያያል፤ በዚያ የተሰወረው ለክብሩ ነው፤ በዚህ ግን ለክፋቱ ነው። በ2024 ባዶ ዕቃ እያወረዱ ሙከራ ጀመሩ። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ጕድጓዱ ሲሞላ ይደፈናል፤ ከዚያ ወዲያ ጠባቂ እንዳያስፈልገው ተደርጎ ተሠርቷል። እንግዲህ የመረጡት መታወስን ሳይሆን ሰው ቢረሳው እንኳ የማይጐዳበትን ነው። ዐለቱን አምነው ነው፤ አገራቸውም የማይናወጥ ዐለት ነው።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያለውን ዐለት በሁሉ ስፍራ አታገኝም። አምባሰል ራሷ በስምጥ ሸለቆው ዳር የቆመች ናት፤ በ1961 በካራ ቆሬ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያም በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር ተናውጣ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ከቤቱ ወጥቷል። ጥንታዊው ዐለት የሚገኘው በወለጋና በቤኒሻንጉል በኩል፣ በትግራይና በደቡብ በኩል ነው።

የአቶም ነገር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የዓለም አቀፉ የአቶም ኀይል ድርጅት በ1957 ሲቋቋም አባል ሆናለች። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ1997 ጀምሮ የካንሰር ሕሙማን በኮባልት ጨረር ታክመዋል፤ በቃሊቲም የቆላ ዝንብን ለማምከን ጨረራ ተሠርቶበታል። የኮባልት ግማሽ ዕድሜ አምስት ዓመት ከጥቂት ወር ነው፤ ከሐይቅ ዘመን አንጻር የቀን ያህል ነው። ሆኖም የጎያኒያው መኪናም የሕክምና መኪና ነበረ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሁሉ የሚመዘግብና የሚቈጣጠር የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በ1993 ተቋቁሟል። እያንዳንዱ ዕቃ በስሙ፣ በስፍራው፣ በተረካቢው ስም መጻፉ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይሠራ የነበረው ያው ሥራ ነው፤ ቸል ቢባል ዕቃው አንድ ቀን በምናለሽ ተራ ከብረት ጋር ሊመዘን ይችላል።

አሁን የሚታሰበው ግን ከኮባልት የሚበልጥ ነው። የሕዳሴው ግድብ በመስከረም 2025 ሲመረቅ መንግሥት የኑክሌር ኤሌክትሪክ ለመሥራት ማሰቡን አስታወቀ፤ በዚያው ወር በሞስኮ ከሩስያ ጋር የሥራ ዕቅድ ተፈረመ። ጨለማ ውስጥ የሚያድር ብዙ ሕዝብ ላለበት አገር ኤሌክትሪክ መሻት የሚነቀፍ አይደለም። ምድጃው ስድሳ ዓመት ያህል ይነድዳል፤ የሚዋዋሉትም ሰዎች ስለ ስድሳው ዓመት ብዙ ይናገራሉ። ሩስያ ለባንግላዴሽ በሩፑር የምትሠራውን ምድጃ ያገለገለ ነዳጅ መልሳ ለመውሰድ በ2017 ተስማምታለች፤ ለኢትዮጵያም እንዲህ ያለ ውል ቢገኝ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ፊንላንዶችም በሎቪሳ ያለውን ምድጃቸውን አመድ እስከ 1996 ድረስ ወደ ሩስያ ይልኩ ነበረ፤ የሚሄደውም ወደዚያው ወደ ማያክ ነበረ። በ1994 ሕጋቸውን አሻሻሉ፤ በፊንላንድ የነደደው እሳት አመዱ በፊንላንድ ይቀራል አሉ። ዕቅዱን በጽሕፈት ካወጡበት ከ1983 እስከ መጀመሪያው የባዶ ዕቃ ሙከራ 41 ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ይህም የማይናወጥ ዐለት፣ ገንዘብና ሰላም ኖሯቸው ነው። ኢትዮጵያ በ2025 ጀምራ በእነርሱ ፍጥነት ብትሄድ ያ ዓመት 2066 ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ መዝገቡን የሚረከበው ሰው ዛሬ ገና ፊደል እየቈጠረ ነው።